«ልቀቂና የአንድ ወር ደመወዝ ውሰጂ» ብለውኛል፤ ልፈርም?

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሌሎችን ደብዳቤና የእርስዎን መልስ በየሳምንቱ አነባለሁ፤ አንድ ቀን የራሴን ጉዳይ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ዕድሜዬ 27 ነው። ባለትዳር ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የምንኖረው ጂማ ውስጥ መንደራ አካባቢ ቤት ተከራይተን ነው። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፤ ባጃጁ የራሱ ስላልሆነ በየቀኑ ለባለንብረቱ ገቢ ያደርጋል፤ የተረፈችው ለእኛ ናት።

እኔ በከተማው በሚገኝ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ሠርቻለሁ። ደመወዜ 6,000 ብር ነው፤ ከዚያ ላይ ግብርና ጡረታ ይቆረጣል። የጽሑፍ ውል የለኝም። ስቀጠር «ነገ ጀምሪ» አሉኝ፤ ጀመርኩ፤ በዚያው ቀረ።

ነገሩ የተበላሸው በእርግዝናዬ ሦስተኛ ወር ላይ ነው። ማስመለሱ ጠናብኝና ሐኪም የ14 ቀን ዕረፍት ጻፈልኝ። ወረቀቱን ለቢሮ ሰጠሁ። ደመወዝ ሲገባ ግን የዕረፍቴ ቀናት ክፍያ በግማሽ ተቆርጦ አገኘሁት። ዝም አልኩ። ከዚያ የሌሊት ተራ ሲወጣብኝ ሥራ አስኪያጁን «ሌሊቱ እየከበደኝ ነው፤ ቀን አድርግልኝ» ብዬ ለመንኩት። ፊቱን አጠቆረብኝ። ሳምንት ሳይሞላ ቢሮ ጠርቶ፣ የገንዘብ ያዧ እዚያው ተቀምጣ እየሰማች፣ «ሆድሽ እየገፋ ነው፤ በር ላይ ቆመሽ ለእንግዳ አይመችም። ሥራም ቀዝቅዟል። ለጊዜው ቤት ሁኚ፤ እንጠራሻለን» አለኝ። ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አልፎታል።

ባለፈው ሐሙስ ደወሉልኝ። ለሥራ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። የጠበቀኝ ግን «በግል ምክንያት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ፤ ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም መብት የለኝም» የሚል ታይፕ የተደረገ ወረቀት ነው። ከፈረምኩ የአንድ ወር ደመወዝና የሥራ ልምድ ይሰጡኛል፤ ካልፈረምኩ የሥራ ልምዱንም አላገኝም። «አስቤበት ልምጣ» ብዬ ወጣሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥተውኛል።

ባለቤቴ ፈርሚ ይላል። የሆቴሉ ባለቤት በከተማው የታወቀ ሰው ነው፤ ባሌም ከሆቴሉ በር ላይ መንገደኛ ይጭናል። «ከትልቅ ሰው ጋር አንካሰስም፤ ያንቺና የልጁ ጤና ይበልጥብኛል» ነው የሚለኝ። ውጭ አገር የምትኖረው እህቱ ደግሞ በስልክ «እኔ ከሥራ ስቀነስ መንግሥት ለወራት ከፍሎኛል፤ አንቺም ሄደሽ ጠይቂ» አለችኝ። ቀበሌ ሄጄ ጠየቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ በትሕትና ነገሩኝ፤ እኔ ግን አፍሬ ነው የወጣሁት።

እትዬ፣ በየወሩ ከደመወዜ ሲቆረጥ የኖረው ገንዘብ ለዚህ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው? ልፈርም ወይስ ልተው? እናቴ አጋሮ ናት፤ የምወልደውም የምታረሰውም እሷ ጋ ነው ብለን ነበር። ሥራ ማጣቴን ግን እስካሁን አልነገርኳትም።

መንታ መንገድ ላይ ያለሁት፣ ከጂማ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ሳትፈርሚ ጻፍሽልኝ። «አስቤበት ልምጣ» ብለሽ ከዚያ ቢሮ መውጣትሽ ትልቅ ነገር ነው። በአምስት ወር ሆድ፣ ኪስ ባዶ ሆኖ፣ ፊት ለፊት የተዘረጋን ገንዘብ ሳይነኩ መነሣት ለማንም አይቀልም።

ቀበሌ ሄደሽ ስላፈርሽበት ጥያቄ ልጀምር፤ የሚያሳፍር ነገር አልጠየቅሽም። የባልሽ እህት የነገረችሽም እውነት ነው። ግን የነገረችሽ እሷ ስላለችበት አገር ነው። እንዲህ ባሉ አገሮች ብዙውን ጊዜ ሠራተኛውና አሠሪው፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ፣ ለሥራ ማጣት ተብሎ ለተለየ ፈንድ መዋጮ ያስገባል፤ ሰው ከሥራ ሲወጣ የሚከፈለው ከዚያ ነው። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ የሥራ አጥነት መድን የለም። ከአንቺ ደመወዝ ሲቆረጥ የነበረው 7 በመቶ፣ አሠሪሽ 11 በመቶ ጨምሮበት የሚያስገባው፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ ነው። ጡረታ የሚታሰበው ለእርጅና፣ ሥራ ለማያሠራ የጤና ጉድለት፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትና ለሟች ቤተሰብ ነው። ሥራ በማጣትሽ ብቻ የሚሰጥሽ ወርኃዊ ክፍያ የለውም። ቢሆንም ገንዘቡ ሜዳ ላይ አልወደቀም፤ ነገ ሌላ መሥሪያ ቤት ስትቀጠሪ ያገለገልሽው ሦስት ዓመት ተኩል በጡረታ ቁጥርሽ ላይ ይደመርልሻል። ለእርጅና አበል ዝቅተኛው የአገልግሎት ዘመን 10 ዓመት ስለሆነ ያ ድምር ዋጋ አለው። ሲመችሽ ወደ ጡረታ ቅርንጫፍ ጎራ በይና መዋጮሽ በየወሩ ገቢ መደረጉን አረጋግጪ። ከሠራተኛው ቆርጠው ለፈንዱ የማያስገቡ አሠሪዎች ሞልተዋል።

የከተማ ሴፍቲኔት ስለሚባለውም ሰምተሽ ይሆናል። እሱ በኑሮ እጅግ ዝቅ ያሉ ቤተሰቦች ተለይተው የሚታቀፉበት ፕሮግራም እንጂ ከሥራ የወጣ ሁሉ የሚጠይቀው መብት አይደለም።

ታዲያ ሥራዋን ያጣች ነፍሰ ጡር በእኛ አገር ባዶ እጇን ትቀራለች? አትቀርም። ሕጉ ሸክሙን ያኖረው በአሠሪው ትከሻ ላይ ነው። ለዚህ ነው ያን ወረቀት እንድትፈርሚ የተቻኮሉት።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንዲት ሠራተኛ ነፍሰ ጡር ሳለችና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ አሠሪው ሊያሰናብታት እንደማይችል ይደነግጋል። እርግዝና ራሱ ሕገወጥ የስንብት ምክንያት ተብለው በስም ከተዘረዘሩት አንዱ ነው። ከእርግዝናው ጋር ያልተያያዘ ሌላ ሕጋዊ ምክንያት ሲኖር፣ ለምሳሌ ከባድ የዲሲፕሊን ጥፋት ወይም እውነተኛ የሠራተኛ ቅነሳ፣ በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። «ሥራ ቀዝቅዟል» ያለሽ ሰውዬ ያን በር እየጠቆመ ነው። ነገር ግን ቅነሳ ማለት ከሠራተኞቹ ቢያንስ 10 በመቶውን፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው የሚነካ እርምጃ ነው። አንዲት እንግዳ ተቀባይን ብቻ ለይቶ ቤት ማስቀመጥ ቅነሳ አይባልም። በደንቡ ቅነሳ ቢካሄድ እንኳ ነፍሰ ጡሮች በቅደም ተከተሉ መጨረሻ ላይ ከሚነኩት ወገን ናቸው። «ለእንግዳ አይመችም» የምትለዋ ቃል ደግሞ ምክንያቱን ራሷ ትናገራለች፤ ያውም ምስክር ባለበት።

የሌሊቱ ተራ እንዲቀየርልሽ እንደ ውለታ መለመንሽ ከነከነኝ። ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ድሮም ክልክል ነው፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም እንዲሁ። የጠየቅሽው የተጻፈ መብትሽን ነበር።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ፤ ወር ጠብቆ ኪራይ የሚከፍል ሰው መብትን የሚያየው በብር ተመንዝሮ ነውና። 6,000 ብር በ30 ቀን ሲካፈል የቀን ደመወዝሽ 200 ብር ነው። ከፈረምሽ የሚደርስሽ 6,000 ብር ነው፤ በዚያው ያልቃል። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሦስት ዓመት ተኩል ላይ ነሽ። ባትፈርሚና ሥራሽ ላይ ብትቆዪ፣ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለሽ፤ ይህ ብቻውን 24,000 ብር ነው። ስንብቱ ሕገወጥ ተብሎ ወደ ሥራ ሳትመለሺ ብትቀሪ ደግሞ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ 36,000 ብር ይሆናል። ከ1 ዓመት በላይ ስላገለገልሽ የ2 ወር የማስጠንቀቂያ ክፍያ 12,000 ብር ይታከልበታል። የስንብት ክፍያሽ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተከታዮቹ ለያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ተብሎ ሲሰላ ወደ 11,000 ብር ይጠጋል። ሲደመር 59,000 ብር ገደማ ነው። ያልወሰድሽው የዓመት ዕረፍት ካለ እሱም በገንዘብ ይተመናል። ይህን ሁሉ ነገ ጠዋት ታፍሺዋለሽ አልልሽም። ሆቴሉ ይከራከራል፤ ማስረጃ ይመዘናል፤ ውሳኔው የፍርድ ቤት ነው። ነገር ግን በ6,000 ብር ምን እየሸጥሽ እንደሆነ ሳታውቂ እንድትፈርሚ አልፈልግም።

በሕመም ፈቃድሽ ላይ የተቆረጠውም ያንቺ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈልበታል፤ ግማሽ የሚሆነው በተከታዮቹ ሁለት ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ሐኪም ዕረፍት ያስፈልጋታል ካለ ፈቃዱ ከነክፍያው ነው። በ14 ቀን ውስጥ ግማሽ የሚቆረጥበት ሕግ የለም፤ 1,400 ብር ቀሪ አለሽ። (በእርግዝና ሳይሆን በሕመም ምክንያት «ልቀቁ» ለተባላችሁ አንባቢዎችም ይህ ይጠቅማችኋል፤ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ አለ። ሁለት ሳምንት ተኝቶ የተነሣን ሰው «ሥራ አልቻልክም» ማለት አይቻልም።)

የጽሑፍ ውል ባይኖርሽ አትጨነቂ። ውሉን በጽሑፍ ያላደረገ አሠሪ በዚያ ሰበብ የሠራተኛውን መብት ሊያስቀር አይችልም። የሥራ ልምድ ወረቀቱም ቢሆን የፊርማሽ ዋጋ አይደለም፤ ሥራ ሲቋረጥ አሠሪው ያለ ክፍያ ሊሰጥሽ የሚገባ ግዴታው ነው። በእሱ ማስፈራራታቸው ራሱ አያምርም።

እስቲ አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ወደዚያ ሆቴል መመለስ ትፈልጊያለሽ? ያን ሥራ አስኪያጅ በየማለዳው «እንደምን አደርክ» እያልሽ አራት ወር ልትሠሪ ልብሽ ይችላል? ስንብቱ በእርግዝና ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ ምርጫው ያንቺ ነው፤ መመለስ ብትፈልጊ አሠሪው ሊመልስሽ ይገደዳል፤ አልፈልግም ብትዪ ካሳሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። አንዳንዷ ሴት ከወሊድ ፈቃዷ በኋላ የምትመለስበት ወንበር እንዳለ ማወቅ ያሳርፋታል። ሌላዋ ያን ደጃፍ ባሰበች ቁጥር እንቅልፍ ታጣለች። ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆንሽ ከደብዳቤሽ መለየት አልቻልኩም። «ለሥራ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ» ያልሽው ግን ዓይኔ ላይ ቀርቷል።

ጥያቄው የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያለው ጊዜ ስንብቱ ከተፈጸመ ጀምሮ 3 ወር ብቻ ነው። ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ የገንዘብ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይርጋ፣ ማለትም በመክሰሻ የጊዜ ገደብ፣ ይታገዳል፤ ያልተከፈለ ደመወዝም ሊከፈል ይገባው ከነበረበት ቀን አንሥቶ እንዲሁ 6 ወር ነው። «ቤት ሁኚ» ከተባልሽበት ቀን ብትቆጥሪ አይጎዳሽም። ሦስት ሳምንት ሄዷል። የመመለሱ ጊዜ ሲያበቃ ሰባተኛውን ወር ታልፊያለሽ፤ የገንዘቡ ሲያበቃ ደግሞ አራስ ቤት ነሽ። ያን ጊዜ ፋይል ይዘሽ ልትዞሪ አትችዪም። ስለዚህ ሥራው አሁን፣ ጉልበትሽ ሳይደክም ይሁን።

ከሁሉ በፊት የማየው አደጋ «በራሷ ጊዜ ቀረች» መባልሽን ነው። ቤት ሁኚ የተባልሽው በቃል ነው፤ የስንብት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መሆን ሲገባው አንቺ ምንም ወረቀት የለሽም። ነገ ፍርድ ቤት ፊት «ሥራዋን ትታ ሄደች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልመጣችም» ቢሉ ምን ታሳያለሽ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ። ዛሬውኑ አጭር ደብዳቤ ጻፊ። ማማር የለበትም፤ ይህን ያህል ይበቃል፦ «በዚህ ቀን ሥራ አስኪያጁ ቤት እንድቆይ በቃል ስለነገሩኝ እንጂ በፈቃዴ ከሥራ አልቀረሁም። ሥራዬን አልለቀቅሁም። ነፍሰ ጡር መሆኔን የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ አያይዣለሁ። አሁንም በቀን ተራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ መልሱ በጽሑፍ ይሰጠኝ።» ቀንና ፊርማሽን አኑሪ። ሁለት ቅጂ አድርጊው፤ አንዱን ስጪ፣ ሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርምልሽ ወይም ማኅተም ያሳርፍልሽ። አንቀበልም ካሉ ሁለት ሰው ይዘሽ ሂጂና ማየታቸውን ይያዙልሽ፤ አለዚያ ከፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኪው፤ ደረሰኙን አትጣዪ።

ከዚያ በፊት ግን ስልክሽን ክፈቺ። የተራ ሰሌዳው በቴሌግራም ቡድን ነው የሚለጠፈው? ስምሽ ያለበትን ሁሉ ዛሬ ማታ ፎቶ አንሥተሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪ፤ ነገ ከቡድኑ ሊያወጡሽ ይችላሉ። ደመወዝሽ በባንክ ከሆነ የሚገባው ከባንኩ የሂሳብ መግለጫ አውጪ። መታወቂያ ካርድሽን፣ የሐሙሱን የስልክ ጥሪ፣ የሐኪሙን ወረቀት ሰብስቢ፤ ወረቀቱን ለቢሮ ሰጥተሽው ከሆነ ከታከምሽበት ቦታ ቅጂ ጠይቂ። የገንዘብ ያዧን አሁን አታስጨንቂያት፤ እሷም እንጀራዋ እዚያው ነው። የሰማችውን ግን ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈሽ ያዢ።

ቀጥሎ ወደ ከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ አሁን በሥራ ዕድል ፈጠራና ክህሎት ሥር ነው ያለው። የሥራ ተቆጣጣሪዎች አሠሪውን ጠርተው ያነጋግራሉ፤ ብዙ ጉዳይም በዚያው ያልቃል። አቤቱታሽን ግን በጽሑፍ አስገቢና የገባበት ቀን ይመዝገብልሽ። ካልተስማማችሁ የሚቀጥለው የፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም፤ «ገንዘብ ስለሌለኝ» ብለሽ አትተዪው። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ማመልከቻ የሚቀርበው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ መናገሩን ብትችዪም መጻፉ ካስቸገረሽ የጂማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ሰዎች የሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ። ከበር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ይልቅ መጀመሪያ እነሱን ጠይቂ፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠውን ጥበቃ በስሙ ጠርተው እንዲጽፉልሽ።

ባለቤትሽን ክፉ አላልኩትም፤ አንቺም አትበዪው። ፈሪ አይደለም፤ የሚፈራው ስላንቺ ነው፣ ትንሽም ስለ ዕለት ገቢው። ግን አብራችሁ አስቡ፦ ከዚያ በር በሳምንት ስንት መንገደኛ ይጭናል? ያ ቢቀርበት በመነኸሪያው ወይም በከተማችሁ መርካቶ ሊተካው አይችልም? የሚታጣው ምን ያህል እንደሆነ በብር ሲታወቅ ፍርሃቱም ልኩን ይይዛል። ሌላም አለ። የሆቴሉ ባለቤት የታወቀ ሰው ነው ብለሻል፤ ያን ወረቀት ያዘጋጀው ግን ሥራ አስኪያጁ ነው። ባለቤቱ ጨርሶ ላያውቅ ይችላል። የታወቀ ሰው ደግሞ ስሙን ይወድዳል። እሱ የሚያከብራቸው አንድ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ባልሽ ሳይሆን እነሱ፣ ደብዳቤሽንና ያን የብር ስሌት ይዘው ቢቀርቡት ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ የተለየ መልስ ሊመጣ ይችላል። እኔ በሽምግልና አምናለሁ፤ ግን በአንድ ነገር፦ ሽምግልናው ሲጓተት ሦስቱ ወር እንዳያልፍ። «ቆይ፣ በሚቀጥለው ሳምንት» የሚለው ቃል ስንቱን መብት በይርጋ አስበልቷል።

ስምምነት ላይ ከደረሳችሁ፣ መለያየትን ብትመርጪ እንኳ፣ ወረቀቱ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ሳይሆን «በስምምነት ተለያይተናል፤ ለዚህና ለዚህ ይህን ያህል ተከፍሏታል» ይበል። እያንዳንዱ ክፍያ በስሙ ይጻፍ። «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም መብት የለኝም» የምትለዋን መስመር ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እጅሽ ሳይገባ አትፈርሚባት። የሠራሽበትን ቀሪ ደመወዝ ብቻ ሊሰጡሽ ከጠሩሽ ግን ተቀበዪ፤ ከፊርማሽ በላይ «የተቀበልኩት የዚህን ወር ደመወዝ ብቻ ነው» ብለሽ በእጅሽ ጻፊ። ሥራ ሲቋረጥ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ካዘገዩት ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊያስጨምርባቸው ይችላል። ይህንንም ሽማግሌዎቹ ይወቁት።

እስከዚያው ቤት ውስጥ ያለው ጭንቀት አለ። የእርግዝና ክትትልሽን ለገንዘብ ብለሽ አንድም ቀን አታቋርጪ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ማዋለድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ ነው። እስካሁን በግል ክሊኒክ ስትከታተዪ ከነበረ ካርድሽን ይዘሽ ተዛወሪ፤ ወደ ላይ መላክ ካስፈለገም ጤና ጣቢያው ወደ ጂማ ሕክምና ማዕከል ይጽፍልሻል። ባለቤትሽ መደበኛ ቅጥር ስለሌለው በቀበሌያችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ መቼ እንደሚከፈት ጠይቁ፤ ሕፃን ለሚጠብቅ ቤት ይጠቅማል። ማስመለሱ ከተመለሰብሽ፣ ደም ካየሽ ወይም ራስ ምታት ከጠናብሽ ግን ክሱም ሽምግልናውም ይቆይ፤ ቀጥታ ሐኪም ቤት።

እናትሽን በተመለከተ፣ ያልነገርሻት እንዳትጨነቅ ብለሽ ይመስለኛል። ወይስ ተባረረች እንዳትባዪ? ሁለቱ ይለያያሉ። አንቺ አጥፍተሽ አልተባረርሽም፤ ይህን በዚያው ቃል ልትነግሪያት ትችያለሽ። ደግሞም ዕቅድሽን ማወቅ ይኖርባታል፤ ምክንያቱም ቀጠሮሽ ጂማ፣ አራስ ቤትሽ አጋሮ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከአጋሮ እየተመላለስሽ ችሎት መቆም አይታሰብም። ስለዚህ ጉዳዩ እስከዚያ ካላለቀ ክሱን ሳትሄጂ አስገቢ፤ ለባለቤትሽ ወይም ለምታምኚው የቅርብ ዘመድ የውክልና ሥልጣን ሰጥተሽ ሂጂ። ባለቤትሽ «አንካሰስም» እንዳለ ከሆነ ውክልናው ለወንድም ወይም ለእህት ይሁን፤ ማን እንደሚቆምልሽ ከአሁኑ ለዪ። የነጻ ሕግ ድጋፍ ሰጪዎቹን ስታገኚ ይህንን በመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው፤ የመውለጃ ጊዜሽንም ማመልከቻው ላይ ይጥቀሱት፣ ቀጠሮ ሲሰጥ እንዲታሰብልሽ።